ዘምዘምና ያልተዘጋው ዲስክ

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ይህ ታሪክ ሲጀምር አጭር ነው፤ እየሄደ ግን ይረዝማል። መሃል ላይ ብትናደዱ አልፈርድባችሁም፤ ባለታሪኳም ያን ቀን ከጧት ጀምራ ተናዳ ነው የዋለችው።

ዘምዘም እንድሪስ የሐይቅ ከተማ ሴት ናት፤ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። ገበያተኛው ሁሉ ያውቃታል። ሚዛኗ አያጭበረብርም፤ ቁጣዋ ግን ቅርብ ነው። ባሏ ይመር ሙሄ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነው። የቤቱን ጩኸት ሁሉ ለሷ ትቶ ዝምታውን ለራሱ ያስቀረ ይመስላል።

ክረምት ሊገባ ሲል ይመር የሚያፈስ ጣሪያ ሊጠግን ወጣና ወደቀ። «ደህና ነኝ» ብሎ አቧራውን አራግፎ ተነሳ። ደህና ግን አልነበረም። መጀመሪያ ቀኝ እግሩ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ግራው፤ በኋላማ ከመኝታው እስከ ደጃፉ ለመድረስ ግድግዳ መደገፍ ጀመረ። ለአረፋ ያሰቡትን በሬ ሸጡና ደሴ ወጡ። እዚያ አንድ የምርመራ ማዕከል ውስጥ ይመር ዋሻ በሚመስል ማሽን ውስጥ ተጋድሞ የጀርባውን ምስል ተነሳ። «ፊልም አልቋል» ተባሉና ምስሉ በዲስክ ተሰጣቸው። ዘምዘም ዲስኩን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ በሻርፗ ጠቀለለችው፤ እዚያው ደሴ ሆስፒታል የተያዘላቸው ቀጠሮ እስኪደርስም ማንንም አላስነካችም።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዶክተሩ ምስሉን አይቶ «ኦፕራሲዮን ይደረግ» ወይም «አይደረግ» እንዲላት። ይህችን ብቻ።

የቀጠሮው ቀን ይመርን ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር አስተኛችው። እህቱን ሉባባን አጠገቡ አስቀመጠችና ወደ ዶክተሩ ክፍል ገባች። ዶክተር ልዑልሰገድ ይባላል፤ የጀርባ አጥንት ሐኪም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው። ዲስኩን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። ኮምፒውተሩ ተንቋቋ፣ አቃሰተ፣ በመጨረሻም ዲስኩን ምላሱን እንደሚያወጣ ልጅ መልሶ ተፋው።

«አላነበበውም» አለ ዶክተሩ። «ይህ ድራይቭ አሮጌ ነው፤ ሲዲ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያመጣሽው ዲቪዲ ነው።»

«ሁለቱም ክብ አይደሉም እንዴ፣ ዶክተር?»

«ክብ ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ነው። የዲቪዲው አጻጻፍ ግን በጣም የደቀቀ ነው። የዚህ ማሽን ዓይን አያየውም።»

«እሺ፣ አብሮት የመጣውን የውጤት ወረቀት አያነቡትም?»

«አነበብኩት። ወረቀቱ 'ሊሆን ይችላል' ነው የሚለው። ቢላዋውን የምይዘው ግን እኔ ነኝ። ነርቩን የተጫነው ነገር ካለ ቶሎ መቀደድ አለበት። ከሌለ ደግሞ በከንቱ ብቀደው እጎዳዋለሁ። በዓይኔ ሳላይ አልናገርም።» ሰዓቱን አየ። «ራጅ ክፍል ዲቪዲ የሚያነብ ኮምፒውተር አለ። እዚያ ይከፈትና ጥሪኝ፤ መጥቼ አያለሁ። ግን ዛሬ ይሁን። ነገ በጧት ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ቶሎም አልመለስም። የኮምፒውተሩ ነገር እንደሆነ የኔ ጥፋት አይደለም።»

ዘምዘም ወጣች። ጥርሷን ነክሳለች።

«ምን አለ?» አላት ይመር ከተኛበት።

«የዶክተሩ ኮምፒውተር ዲቪዲ አያውቅም። ዶክተሩ ሳያይ አይናገርም። አንተም ከአግዳሚው አትነሳም። ጠብቀኝ!» አለችና ወደ ራጅ ክፍል ሄደች።

ራጅ ክፍል ያገኘቻት ባለሙያ ነጭ ጋወን የለበሰች ለስላሳ ልጅ ናት። ዲስኩን ተቀብላ ከተተች። የሷ ኮምፒውተር አልተፋውም። ዋጠው፣ አሽከረከረው፣ ጥቂት አሰበና አንድ ነገር ጻፈ።

«እናቴ፣ ዲስኩ ባዶ ነው ይላል።»

«ባዶ?» አለች ዘምዘም። «ባሌ እዚያ ዋሻ ውስጥ ተጋድሞ ሲንቀጠቀጥ በመስታወት አይቼዋለሁ! ባዶ ነው ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ባዶ ነገር በሻርፕ ጠቅልዬ ነው የምዞረው?»

ልጅቱ ደንግጣ ዲስኩን አወጣችና በመስኮቱ ብርሃን ገለበጠችው። «ይቅርታ፣ ባዶስ አይደለም። ይዩት፤ ከመሃሉ ጀምሮ ጠቆር ያለ ቀለበት አለ። የተጻፈበት ቦታ ያ ነው። ግን አልዘጉትም።»

«ምኑን ነው ያልዘጉት?»

«ዲስኩን። ጽፈው ሲጨርሱ 'አልቋል' ብለው መዝጋት ነበረባቸው። እስኪዘጋ ድረስ የጻፈው ማሽን ነው የሚያውቀው፤ ለሌላው ባዶ ይመስለዋል።»

«ዝጊዋ ታዲያ!»

«የኛ ድራይቭ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ መዝጋት ደግሞ መጻፍ ነው። ፒያሳ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ፎቶ ቤት አለ፤ እሱ ጋ ይሞክሩ። የኔ ጥፋት አይደለም፣ እናቴ።»

ዘምዘም ይህን ቃል ስትሰማ ሁለተኛዋ ነው። ኮሪደሩን በጫማዋ እየደበደበች አለፈች። ይመር ቀና ሊል ሲሞክር በእጇ መልሳ አስተኛችው።

«ራጅ ክፍል ያልተዘጋ ዲስክ አያይም። የዶክተሩ ኮምፒውተር ዲቪዲ አያውቅም። ዶክተሩ ሳያይ አይናገርም። አንተም ከአግዳሚው አትነሳም። ሉባባ፣ ውሃ ስጪው!» አለችና ወደ ፒያሳ ወረደች።

መንገድ ላይ ኮምፒውተር ያለበትን ሱቅ ሁሉ ጠየቀች። የአንዱ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። የሌላውም የለውም። አንዱ ጎረምሳ እንዲያውም ዲስኩን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ይኼ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ዘምዘም ከእጁ ነጠቀችው። በዓይኗ ያየችውን አስተያየት ያ ጎረምሳ እስካሁን የረሳው አይመስለኝም።

ፎቶ ቤቱ ግን ተገኘ። ባለቤቱ አቶ እሸቴ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ እሳቸውም በሰው ሁሉ የተማረሩ አዛውንት ናቸው። ባንኮኒያቸው ላይ የዲስክ ክምር አለ። 

«አልተነበበም ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ ወረፋ ያዢ!» አሏት ገና በሩ ላይ ሳለች። «ይኼ ሁሉ አልተነበበም ተብሎ የተመለሰ ነው። ማጫወቻቸው የአያታቸው ዘመን፣ ጥፋቱ የእሸቴ!»

«ጋሼ፣ እኔ የሠርግ ጣጣ የለብኝም!» አለች ዘምዘም። ድምጿ ከሳቸው በልጦ ወጣ። «ራጅ ክፍል ያልተዘጋ ዲስክ አያይም! የዶክተሩ ኮምፒውተር ዲቪዲ አያውቅም! ዶክተሩ ሳያይ አይናገርም! ባሌ ከአግዳሚው አይነሳም! ይዝጉልኝ!»

አቶ እሸቴ ቀና ብለው አዩዋት። ከሳቸው የባሰ የተናደደ ሰው ካዩ ሰንብተዋል። ዲስኩን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አወረዱ፣ ከመሃሉ ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን ደቃቅ ጽሕፈት አነበቡ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፕላስ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዲቪዲ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ልጄ። ማይነስ የሚባል አለ፣ ፕላስ የሚባል አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት አለ፣ እየተፋቀ የሚጻፍበት አለ። ሁሉም ክብ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ነው። ፋብሪካዎቹ አልስማማ ብለው በየፊናቸው ሠሩት፤ ጣጣው ለኛ ተረፈ። ሁለቱንም የሚጽፉ ማሽኖች አሉ። የኔ አሮጌ ነው፤ የሚጽፈው ማይነስ ብቻ ነው። ይኼን ፕላስ ተዘግቶ ብታመጪልኝ አነበዋለሁ፤ መዝጋት ግን አልችልም።» ለማሳየትም ከተቱት። ማሽናቸው ጥቂት አጉረመረመና መልሶ ገፋው። «አየሽ? የጻፈው ማሽን ራሱ ይዝጋው። እዚያው ያስነሳሽበት ሂጂ። የኔ ጥፋት አይደለም።»

«የማንም ጥፋት አይደለም!» አለች ዘምዘም። «ዛሬ በደሴ ከተማ ያጠፋ ሰው የለም! ባሌ ብቻ ነው ከጣሪያ በመውደቁ ያጠፋው!»

ባጃጅ ያዘች። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ ሲያያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ማዘር፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ፎቶ ቤት ፕላስ አይዘጋም። ራጅ ክፍል ያልተዘጋ ዲስክ አያይም። የዶክተሩ ኮምፒውተር ዲቪዲ አያውቅም። ዶክተሩ ሳያይ አይናገርም። ባሌ ከአግዳሚው አይነሳም። አንተም ይኼን ባጃጅ እንደ ኤሊ ትነዳለህ!»

 ባጃጁ ፈጠነ።

የምርመራ ማዕከሉ መጠባበቂያ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ዘምዘም በሰው መሃል ሰንጥቃ ምስሉን ወዳስነሱበት ክፍል አለፈች። ዲስክ የሚጽፈው ወጣት አንተነህ ይባላል። ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ልጅ ነው።

«ይኼን አንተ ነህ የጻፍከው?»

ዲስኩን አየው። «እኔ ነኝ።»

«ለምን አልዘጋኸውም?»

«ሌላ ምስል ካለ ይጨመርበታል ብዬ ክፍት ተውኩት። ዲስክ ለመቆጠብ ነው።»

«ዲስክ ለመቆጠብ?» ዘምዘም እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «በሬ ሸጠን ያስነሳነውን ምስል፣ አንተ ዲስክ ለመቆጠብ ብለህ ክፍት ተውከው? እሺ፣ ሌላ ጻፍልኝ።»

«ምስሉ ከዋናው ማሽን ላይ ጠፍቷል። ቦታ ስለሚጣበብ በየጊዜው ይጠፋል። ያለው እጅሽ ላይ ያለው ብቻ ነው።»

ዘምዘም ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት ተሰማት። ዲስኩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እስካሁን ስትናደድ የቆየችው ጊዜ ስለባከነ ነበር፤ አሁን የገባት ነገር ሌላ ነው። ይህች ቀላል ክብ ነገር ብትጫር፣ ብትሰበር፣ የይመር ጀርባ አብሮ ይጠፋል። 

«እንግዲያው ዝጋው» አለች ዝግ ብላ።

«አልችልም። የጻፈው አሮጌው ማሽን ነው፤ እሱ ፕላስ ይወስድ ነበር። አሁን የመጣልን አዲሱ ማሽን ማይነስ ብቻ ነው የሚወስደው። ፕላሱን አይነካውም።»

«አሮጌው የት ሄደ?»

«ዕቃ ቤት ነው። ይሠራል፤ ምንም አልሆነም።»

«አምጣዋ!»

አንተነህ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ቁልፉ ወይዘሮ እቴነሽ ጋ ነው። እኔና እሷ አንነጋገርም። አንቺ ጠይቂያት። የኔ ጥፋት አይደለም።»

ዕቃ ቤቱ ከጓሮ ነው። ወይዘሮ እቴነሽ በሩ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ደልደል ያሉ፣ ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ዘምዘም ሰላምታ እንኳ አልሰጠቻቸውም።

«እትዬ፣ አሮጌው ማሽን ከዕቃ ቤት አልወጣም። አዲሱ ማሽን ፕላስ አይነካም። ፎቶ ቤት ፕላስ አይዘጋም። ራጅ ክፍል ያልተዘጋ ዲስክ አያይም። የዶክተሩ ኮምፒውተር ዲቪዲ አያውቅም። ዶክተሩ ሳያይ አይናገርም። ባሌ ከአግዳሚው አይነሳም። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ በሩን ይክፈቱልኝ!»

«እሱ ነው የላከሽ?»

«ማን?»

«ያ አንተነህ የሚባለው!» እትዬ እቴነሽ ቁልፉን በእጃቸው ጨበጡት። «ስሚ የኔ እህት፣ አንቺን አልከለክልም ነበር። እሱ 'ዲቪዲ ግዢ' አለኝ፤ እኔ ዲቪዲ ገዛሁ። ፕላስ ግዢ አላለኝም፣ ማይነስ ግዢ አላለኝም። ድሮ የምንገዛውን ነው የገዛሁት። አዲሱ ማሽን አልቀበልም ሲለው በሽተኛው ሁሉ ፊት ጮኸብኝ። 'ፕላስና ማይነስ የማትለይ ሴት ዕቃ ቤት ላይ አስቀምጠው' አለ። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት! ይቅርታ እስኪለኝ ድረስ እሱ የሚነካውን ዕቃ ከዚህ በር አላወጣም። ለሥራ አስኪያጁም ነግሬዋለሁ። የኔ ጥፋት አይደለም።»

ዘምዘም ተመልሳ ወደ አንተነህ ሮጠች።

«ይቅርታ በላት።»

«ለምን ብዬ? ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ነበረባት! እሷ መጀመሪያ መሳሳቷን ትመን።»

«አንተ ልጅ፣ ይቅርታ በላት ነው የምልህ!»

«የኔ ጥፋት አይደለም አልኩሽ እኮ።»

ዘምዘም ከዚያ ክፍል ወጣች። አዳራሹ መሃል ቆመች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ ማታው እያዘነበለ ነው። ዶክተሩ ዕቃውን እየሸከፈ ይሆናል። ይመር ዓይኑን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተክሎ እየጠበቃት ይሆናል። ሻርፗ ከራሷ ወድቆ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አላስተዋለችውም። በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ካርድ የምትጽፈው ልጅ፣ ዘበኛው ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት። እሷም ከአንጀቷ ጮኸች።

«ስሙኝ እናንተ ሰዎች! አንተነህ ይቅርታ አይልም! እቴነሽ ዕቃ ቤቱን አትከፍትም! አሮጌው ማሽን ከዕቃ ቤት አይወጣም! አዲሱ ማሽን ፕላስ አይነካም! ፎቶ ቤት ፕላስ አይዘጋም! ራጅ ክፍል ያልተዘጋ ዲስክ አያይም! የዶክተሩ ኮምፒውተር ዲቪዲ አያውቅም! ዶክተሩ ሳያይ አይናገርም! ባሌ ከአግዳሚው አይነሳም! እግሩ በየቀኑ እየሞተበት ነው! ጥፋቱ የማን ነው ስላቸው ሁሉም የኔ አይደለም ይሉኛል! ታዲያ የማን ነው? የኔ ነው? ንገሩኝ፣ የኔ ነው?»

  

ከዚያ ከጥግ በኩል አንድ ጎልማሳ ሰው ብድግ አለ። ከጃኬቱ ኪስ ዲስክ አወጣ። «የእናቴ ነው» አለ። «ወልዲያ ያለው ሐኪም 'ባዶ ነው' ብሎ መለሰን። ልንጠይቅ ነው የመጣነው። እኛ ደግሞ በስህተት ባዶ የተሰጠን መስሎን ነበር።»

አንተነህ ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። የሰውዬውን ዲስክ አየ። የዘምዘምን ዲስክ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሳይዘጋቸው የሰጣቸው ዲስኮች በየከተማው፣ በየሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ «ባዶ» እየተባሉ መመለሳቸው ያኔ ነው የታየው። እሱ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሲሞክራቸው ሁሉም ይከፈቱ ነበር፤ የሚሞክራቸው በጻፋቸው ማሽን ላይ ነዋ። በሌላ ማሽን ከፍቶ አይቶ አያውቅም።

ወደ ጓሮ ሄደ። ዘምዘም ተከተለችው።

«ወይዘሮ እቴነሽ» አለ።  «ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ እቴነሽ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። «ምን አልክ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ማሽኑ ሲቀየር የዲስኩም ዓይነት እንደሚቀየር አልነገርኩዎትም። እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር። ስህተቴ ሲያሳፍረኝ እርስዎ ላይ ጮህኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሰው ፊት ነው የሰደብከኝ» አሉ እትዬ እቴነሽ። «ሰው ፊት በለው!»

ዘምዘም ልትቆጣ አፏን ከፍታ መልሳ ዋጠችው። ይህኛው ቁጣ ገብቷታል። እሷም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምትለው። አንተነህ ጆሮው ቀልቶ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ሁሉም እየሰሙ ያንኑ ደገመው፤ ሳይቀንስ። እትዬ እቴነሽ እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። «ሁለተኛ ብትጮህብኝ ግን ቁልፉን እውጠዋለሁ!»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደኋላ ተተረተረ። አንተነህ ይቅርታ አለ፤ እቴነሽ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፤ አሮጌው ማሽን አቧራው ተጠርጎ ወጣ። ማሽኑ ወጣ፤ ዲስኩን ዋጠው። አልተፋውም። የገዛ ጽሕፈቱን አወቀው።

ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር መሳብ ጀመረች። ዘምዘም አንዴ መስመሯን፣ አንዴ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ታያለች። «መብራት ቢሄድ ወላሂ…» አለች፤ አልጨረሰችውም። መስመሯ ሞላች። ዲስኩ ወጣ።

«ተዘጋ» አለ አንተነህ። «ይኸው፣ ያነበዋል።»

«የጻፈው ማሽን ቢያነበው ምን ይገርማል? የማያውቀው ማሽን ያንብበው!»

አንተነህ አንገቱን ደፋና ዲስኩን ካርድ ክፍል ወዳለው ኮምፒውተር ወሰደው። ኮምፒውተሩ አሽከረከረ፣ አሰበ፣ ከዚያ የሰው ጀርባ አጥንት ነጭና ጥቁር ሆኖ ብቅ አለ፤ ከላዩም «ይመር ሙሄ» የሚል ጽሑፍ። ዘምዘም ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረች። የባሏን ጀርባ ከውስጥ በኩል ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«የዚህንም ሰውዬ ዝጋለት» ብላ ወደ ወልዲያው ሰው ጠቁማ ወጣች። የባጃጅ ልጁ እዚያው ቆሞ ነበር። አሁን «ፍጠን» የሚለው ሰው አላስፈለገውም።

ሆስፒታሉ ግቢ ስትደርስ ዶክተር ልዑልሰገድ ቦርሳውን ይዞ የመኪናውን በር ሲከፍት አገኘችው። ከመኪናው ፊት ቆመች።

«ዶክተር፣ ዛሬ ይሁን ብለውኝ ነበር። ዛሬ ገና አላለቀም!»

«ተከፈተ?»

«ተከፈተ! ከፍቼ አይቼ ነው የመጣሁት!»

ዶክተሩ አያት። ሻርፗ ጫንቃዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጫማዋ አቧራ ሆኗል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ቦርሳውን መኪናው ውስጥ ወረወረና ተከተላት።

አንተነህ ይቅርታ ብሎ ነበር፣ እቴነሽም ከፍተው ነበር። አሮጌው ማሽን ዲስኩን ዘግቶት ነበር። ራጅ ክፍልም የተዘጋውን ዲስክ አየ። ያቺ ለስላሳ ልጅ ምስሉ ብቅ ሲል በደስታ አጨበጨበች። ዶክተሩም ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። አንዱን ምስል አሳለፈ፣ መለሰ፣ አጎላ። ዘምዘም ከኋላው ቆማለች።

«እዚህ ጋ» አለ በመጨረሻ፣ በብዕሩ እያሳየ። «ዲስኩ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል።»

«የቱ ዲስክ?» አለች ዘምዘም፤ ቁጣዋ እንደገና ተነሳ። «አሁንስ አልበዛም? ደግሞ የቱ ዲስክ ነው?»

ዶክተሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይኼ ሌላ ነው፤ የአጥንቱ ነው። በአጥንቶቹ መሃል ያለውን ለስላሳ ነገርም ዲስክ እንለዋለን። ይኼንን የምጠግነው እኔ ነኝ።» ከዚያ ፊቱን አጠነከረ። «ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ዛሬ ይተኛ። ነገ በጧት እኔው ራሴ እሠራዋለሁ፤ ጉዞው ከሰዓት ይሁን። ብትዘገዩ ኖሮ እግሩን የሚመልሰው ነገር አይኖርም ነበር።»

ዶክተሩ ተናገረ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቶም ይመርን በትከሻው ነካው። «አብሽር» አለው፤ «ነገ እንሠራዋለን።»

አልጋ ተገፍቶ መጣ፤ ይመርም ከአግዳሚው ተነሳ። ሉባባ በአንድ ወገን፣ ዘምዘም በሌላው ሆነው ደግፈው አስተኙት። እሱ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ያልተናገረው ሰው አሁን ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«ዘምዘም።»

«ምን?»

«ዛሬ በኔ ምክንያት ስንት ሰው ላይ ጮህሽ?»

«ዝም በል!» አለችው። «ገና አልጨረስኩም!»

እጁን ግን አልለቀቀችም። አልጋው እየተገፋ፣ እሷም እየተቆጣች፣ ኮሪደሩን አብረው ዘለቁት።

ኦፕራሲዮኑ መልካም ሆነ። ይመር መጀመሪያ በክራንች፣ ቀጥሎ በከዘራ፣ በኋላም ያለ ምንም ሄደ። የምርመራ ማዕከሉ አሁን ዲስክ ሲሰጥ ዘግቶ፣ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ለባለቤቱ አሳይቶ ነው። ሥራ አስኪያጁ አዝዞ ይሁን አንተነህ ራሱ አስቦበት፣ ወይም ዘምዘም «ተመልሼ መጥቼ አያለሁ» ብላ ስለሄደች፣ አላውቅም።

እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ሌላውን ለመስማት የፈለገ ሐይቅ ወርዶ ራሷን ይጠይቃት፤ ግን ቀስ ብሎ ይጠይቃት።